የሐጅ ኻኑም ጡባ ሻንጣ

የሰው ልጅ ሁሉ ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው ወገን መንገድ ሲነሣ «የጎደለውን እዚያው እንገዛለን» ይላል። ሌላው ወገን «ቢያስፈልግስ?» ይላል። ፈጣሪ በማይመረመር ጥበቡ በየዘመዱ ከሁለቱም እንዲኖር አድርጓል። ይህንንም ያደረገው የሁለተኛውን ወገን ሻንጣ የመጀመሪያው ወገን እንዲሸከም ነው።

በኢራኗ አርደቢል ከተማ የሁለተኛው ወገን አለቃና የበላይ ጠባቂ ክብርት ሐጅ ኻኑም ጡባ ናቸው። መካ ደርሰው ስለመጡ «ሐጅ ኻኑም» ይባላሉ። ወደ መካ የሄዱት ከሰፈሩ ሰው ጋር በአንድነት ነበር። የተመለሱት ግን ከሁሉም ኋላ ነው፤ ምክንያቱን የጠየቀ የለም። ረጅም ሴት ናቸው፤ ከሻንጣዎቻቸው አጠገብ ሲቆሙ ግን አጭር ይመስላሉ።

የመጀመሪያው ወገን ተወካይ ደግሞ የእህታቸው ልጅ ኢራጅ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ ወገቡ ግን ቀድሞት ሞልቷል።

ከአዲሱ ዓመት፣ ከኖሩዝ፣ በኋላ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከተማው ሁሉ ምሳውን ቋጥሮ ወደ መስክ ይወጣል። ሐጅ ኻኑም ጡባ ለዚህች ለአንዲት ከሰዓት በኋላ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ቢረጥብ ሌላ ምንጣፍ፣ የሻይ ማፍያ ሳሞቫር፣ የጆሮ ጠብታና መርፌ ከክር ጋር ይይዛሉ። አንድ ዓመት ይባስ ብለው የምሳውን ጨርቅ አራት ማዕዘን የሚጫኑ አራት ድንጋዮች ከግቢያቸው ለቅመው አመጡ።

«አክስቴ፣ የምንሄድበት እኮ ከድንጋይ በቀር ምንም የሌለበት ሜዳ ነው» አላቸው ኢራጅ፣ ድንጋዩን ታቅፎ።

«የማን እግር እንደረገጠው ታውቃለህ?»

ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ አይደለም። ተስፋ የሚያስቆርጠው የዚያን ዕለት ነፋስ ተነሥቶ የሰው ሁሉ ጨርቅ ከነዳቦው ሲበር፣ የእሳቸው ብቻ ሳይነቃነቅ መቅረቱ ነው። ሰው ሁልጊዜ ቢሳሳት ይለመዳል። አልፎ አልፎ ልክ የሚሆን ሰው ግን መድኃኒት የለውም።

አንድ ጊዜ ግን ልክ አልሆኑም። ባለፈው መኸር የኢራጅ እናት ቴህራን ሆስፒታል ተኝታ ሳለ «ቶሎ ድረሱ» ተብለው ተጠሩ። እሳቸውም ለእህታቸው በሱፍ የተለበጠ የክረምት ጫማ ፈልገው፣ አጥበው፣ አድርቀው፣ አስረው መጡ። ሲደርሱ አልጋው ባዶ ሆኖ ተነጥፎ ነበር። ኢራጅ ያንን ጫማ ከቴህራን እስከ አርደቢል በጉልበቱ ላይ አድርጎ መለሰው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል የጫማ ነገር ተነሥቶ አያውቅም።

የዘንድሮው ኖሩዝ ባለፈ በማግስቱ ስልክ ጮኸ። የደወለችው ዙሌይኻ ነበረች፤ በደቡብ ባሕር ዳር ቡሼህር የምትኖረው የያዱላህ ሚስት። ያዱላህ የሐጅ ኻኑም ጡባ ታናሽ ወንድም፣ በሕይወት የቀራቸው ብቸኛ የእናት ልጅ ነው። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን ማንም አንቱ እንዲለው አይወድም። «አንቱታ ከባድ ነው፣ ሻንጣ የያዝኩ ይመስለኛል» ይላል። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ለወታደርነት ወደ ደቡብ ሲሄድ የያዘው ማበጠሪያ ብቻ ነበር። እዚያው ቀረ፣ እዚያው አገባ። ለጥየቃ አርደቢል በመጣ ቁጥርም ማበጠሪያውን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ሲመለስ ግን እህቱ የጫኑበትን ተሸክሞ ይሄዳል።

«እትዬ ጡባ» አለች ዙሌይኻ፣ «ሳንባው ውሃ ይዟል። ሐኪሙ ወደ ቤት መልሱት ብሎናል። ያው ገብቶዎታል። እሱ ግን ይስቃል። ‹እትዬ ከነጓዟ ከመጣች እኔ ግቢ ነው የማድረው› ይላል። እባክዎ ቶሎ ይድረሱ።»

ኢራጅ በአውሮፕላን እንሂድ አለ።

«አውሮፕላን ሻንጣ ይመዝናል» አሉ ሐጅ ኻኑም ጡባ። «የሚመዘነው የሰው ሥራ ነው፤ እሱም በመጨረሻው ቀን።»

ስለዚህ በኢራጅ መኪና ሊሄዱ ሆነ፤ ጓዝ ማሰሩም ተጀመረ። የጂኦግራፊ መምህር አክስቱን ይዞ አገር ለአገር የመሄድን መከራ የሚያውቀው የጂኦግራፊ መምህር ብቻ ነው። አርደቢል ገና በረዶዋን አላራገፈችም። ከታች ደጋው ላይ ዝናብ አለ። የቆም ከተማ ደረቅ ናት። ከኢስፋሃን በኋላ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ሺራዝ የብርቱካን አበባ ናት። ቡሼህር ግን ከወዲሁ እንደ መታጠቢያ ቤት ታፍናለች። ኢራጅ ይህንን ለተማሪዎቹ በካርታ ሲያስረዳ ኮርቶ ያውቃል። አሁን ግን እያንዳንዱ የካርታ ቀለም አንድ ሻንጣ ሆኖ በዓይኑ ፊት ይቆለላል።

«አክስቴ፣ ቡሼህር ሙቀት ነው። ሸሚዝ ከጀርባ ይጣበቃል።»

«ለዚያ ነው ስስ ቀሚስ የያዝኩት።»

«ታዲያ ይህ ካፖርት?»

«ለተራራው።»

«ይህኛውስ ካፖርት?»

«ያኛው ቢረጥብ።»

«ይህ ሦስተኛውስ?»

«ያንተ ነው። መቼም አንተ አልያዝክም።»

አልያዘም ነበር።

ለሙቀት አገር ልብስ መምረጥ ደግሞ የራሱ ችሎት አለው። ጨርቁ ለነፋስ ስስ፣ ለሰው ዓይን ወፍራም መሆን አለበት። እጅጌው አንጓ፣ ጫፉ ቁርጭምጭሚት መድረስ አለበት። ሐጅ ኻኑም እያንዳንዱን ቀሚስ በመስኮቱ ላይ ዘርግተው ይመረምራሉ። የመስኮቱ ብረት በጨርቁ ውስጥ ከታየ ጨርቁ ወደቀ። ብዙው ወደቀ።

«ሁለቱን ስስ ደርቤ እለብሳለሁ» ሲሉ ፈረዱ።

«ሁለት ስስ ከሚደርቡ አንድ ወፍራም አይለብሱም?»

«ወፍራሙማ ይሞቃል።»

ቀጥሎ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍኑት ቻዶሮች መጡ። ለመንገድ ጥቁር፣ ለዚያራ ጥቁር፣ ለሐዘን ጥቁር። («ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም።») ለሶላት አበባ ያለበት ነጭ። ከዚያ ደግሞ አንድ አሮጌ ጥቁር፣ ለማይታወቅ ሰው፣ ለማይታወቅ ምክንያት።

በትልቁ ቡናማ ሻንጣ ውስጥ ከሥር፣ በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አስቀድሞ ተቀምጦ ነበር። ኢራጅ ሊያየው አልፈለገም፤ ያውቀዋል። የሐጅ ኻኑም ጡባ ከፈን ነው፤ የሚቀበሩበት ነጭ ጨርቅ። ከርበላ ድረስ ወስደው አስባርከውታል፣ መካ ድረስ ወስደው በዘምዘም ውሃ አጥበውታል። ከከተማ ወጥተው በሚያድሩበት መንገድ ሁሉ አብሯቸው ይሄዳል።

«ይህ እንኳ ይቅር» አለ ኢራጅ። «በሽተኛ ለመጠየቅ ከፈን ይዞ መሄድ ሟርት ነው።»

«ለእሱ ማን ያዘ? የራሴ ነው። መንገድ ላይ ብሞት በመኪናህ ምንጣፍ ልትጠቀልለኝ ነው?»

«አክስቴ፣ አጎቴ እየሞተ ነው። እንቸኩል።»

ሐጅ ኻኑም እጃቸው ላይ የያዙትን የሱፍ ካልሲ አዩት። «እየሞተ ከሆነ እግሩን ይበርደዋል» አሉና ካልሲውን ከተቱ። ኢራጅ የቴህራኑን ጫማ አስታውሶ ሻንጣውን ራሱ ቆለፈው።

ጓዙ ተጫነ። የኋላ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፈነ። ጎረቤታቸው ፋኽሪ ቁርኣኑን ከፍ አድርጋ ይዛ በሥሩ አሳለፈቻቸው፤ በሌላ እጇ መንገደኛ በሰላም እንዲመለስ ከኋላው የሚረጨውን ውሃ በሳህን ይዛለች። ሞተሩ ተነሣ። ልክ በዚህ ጊዜ ከብርድ ልብሱ አቧራ የተነሣ ኢራጅን አስነጠሰው።

አንድ ጊዜ።

ሐጅ ኻኑም ጡባ የመኪናውን በር መልሰው ከፈቱ። «ትዕግሥት መጣ» አሉ።

ሕጉን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሰው አንድ ነገር ሊጀምር ሲል አንዴ ካስነጠሰ «ቆይ፣ ታገሥ» ተብሏል ማለት ነው። ሁለተኛ ካስነጠሰ «በል ቸኩል» ተብሏል። በአንዱና በሁለተኛው መካከል ያለ ሰው ግን የትም አይሄድም።

ኢራጅ ወደ ፀሐይ አየ። አፍንጫውን አሸ። ፋኽሪ የዶሮ ላባ አመጣች፤ አልሆነም። በወረቀት የተጠቀለለ ቁንዶ በርበሬ አመጣች። ኢራጅ ያንንም አሸተተ፤ ዓይኑ አለቀሰ፣ አፍንጫው ግን ዝም። በየቀኑ በጠመኔ ብናኝ ሲያስነጥስ የሚውል አፍንጫ እንደ ድንጋይ ደረቀ።

«እስቲ ደግመህ ሳብ!» ትላለች ፋኽሪ። «ወንድ አይደለህም?»

«ተዪው፣ በግድ የመጣ አይቆጠርም» ይላሉ ሐጅ ኻኑም። ሳሞቫሩን አስወረዱ። ሳሞቫሩ ከታች ስለነበር ከላዩ ያለው ሁሉ ወረደ። ሻይ ተፈላ። ኢራጅ ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ ከፊቱ ተዘርግቶ፣ ወንድምና እህትን የሚለያይ አንድ ማስነጠስ መሆኑን እያሰበ ራሱን ያዘ። ወደ ቀትር ላይ ከሳባላን ተራራ የወረደ ቅዝቃዜ ፊቱን ሲመታው በመጨረሻ አስነጠሰው።

«ይማርህ!» ብለው ሐጅ ኻኑም ዘለው ገቡ። «በል ንዳ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ? ወንድሜ እየሞተ!» የፋኽሪን ቁንዶ በርበሬም ከነወረቀቱ የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ጨመሩት። ቢያስፈልግስ?

ተራራው አንገት ላይ አንድ የጭነት መኪና ተንሸራትቶ መንገዱን ዘግቶት አገኙ። በረዶው ይወርዳል። ሰው በየመኪናው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሐጅ ኻኑም ጡባ ብርድ ልብሶቻቸውን ለሕፃናት እያከፋፈሉ፣ ሻይ እየቀዱ፣ እንደ ቀይ ጨረቃ ማኅበር ከመኪና መኪና ዞሩ። ሦስተኛውን ካፖርት የለበሰው ኢራጅ ነበር። ይህን ነገር ማንም እንዲያነሣበት አይፈልግም። መንገዱ ሲከፈት አክስቱን ከመንገዱ ዳር አጎንብሰው አገኛቸው። አፈ ሰፊውን ፔርሙዝ በበረዶ እየጠቀጠቁ ነበር።

«ውሃ አለን እኮ፣ አክስቴ!»

«ይኖረናል» አሉ፣ ክዳኑን እያጠበቁ።

በቆም ከተማ የቅድስቲቱን መቃብር ለመሳለም፣ ለዚያራ፣ ካልገባን አሉ። «በደጃፏ አልፌ ለወንድሜ ሳልጸልይ?» ይህን እምቢ የሚል አንደበት ኢራጅ የለውም። በመቃብሩ ግቢ በር ላይ ግን አንዲት ልጅ ቆማ ነበር። ተማሪ ትመስላለች። ሻርፕና አጭር ካፖርት ነው የለበሰችው። ያለ ቻዶር አይገባም። ዘበኛዋ ለእንግዶች የሚዋሰውን ቻዶር ከቅርጫት አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ ተቀብላ ጫፉን አየችው፤ ስንት ሰው እንደረገጠው ያስታውቃል። ልትለብሰውም፣ ልትመልሰውም አልቻለችም።

«ከእኔ ዘንድ አለ!» አሉ ሐጅ ኻኑም ጡባ።

ይህ ሁለተኛው ቃላቸው ነው። «ቢያስፈልግስ?» ተብሎ የተዘራው በዚህ ይታጨዳል። አሮጌው ቻዶር ቡናማው ሻንጣ ውስጥ፣ ቡናማው ሻንጣ ከሁሉም በታች ነበር። በአደባባዩ መካከል የርግብ መንጋ እያየ፣ ኢራጅ ጓዙን ሁሉ አወረደ። ልጅቷ ለብሳ ገባች። ሐጅ ኻኑም ገቡ፣ ጸለዩ፣ ወጡ። ልጅቷ አልወጣችም። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች።

«ጥለንላት እንሂድ» አለ ኢራጅ። «አሮጌ ነው። ለማንም አይሆንም።»

«‹እመልስልዎታለሁ› ብላኛለች። እንዴት ትቻት እሄዳለሁ?»

ዙሌይኻ ደወለች። «‹የት ደረሱ?› እያለ ይጠይቃል» አለች። ኢራጅ ያሉበትን ለመናገር አፈረ።

ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። ቻዶሩን አጣጥፋ በሁለት እጇ አቀረበች።

«ያዢው ልጄ» አሉ ሐጅ ኻኑም። «ያንቺ ነው።»

ኢራጅ መኪናው ውስጥ እስኪገቡ ታገሠ። «ሊሰጧት ከሆነ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ጠበቅናት?»

«ትቻት ብሄድ ስትወጣ ታጣኛለች። ሌባ የሆነች ይመስላት ነበር።»

ኢራጅ ሞተሩን አስነሣ።

ሌሊቱን ሁሉ ነዳ። ሐጅ ኻኑም በየከተማው አንዳንድ ልብስ ይቀንሳሉ። ከኢስፋሃን በፊት ካፖርቱ፣ ቀጥሎ ሹራቡ፣ ሺራዝ ሲደርሱ የሱፉ ቀሚስ። ከላይ ያለው ጥቁር ቻዶር ግን አይነካም። ከውጭ ሆኖ ላያቸው ሰው አርደቢልም ቡሼህርም ያው ናቸው፤ ለውጡ ሁሉ ከውስጥ ነው። ሐዘናቸውም እንደዚሁ ነበር። ከሺራዝ በታች መንገዱ ሲያሽቆለቁል፣ የቴምር ዛፎች ብቅ ሲሉ፣ ሐጅ ኻኑም ፔርሙዙን ከእግራቸው ሥር አንሥተው በብርድ ልብስ ጠቀለሉት፤ ታቅፈውት ሄዱ። ያቺ መኪና ውስጥ ሙቀቱ የሚያፈላ ነበር።

ያዱላህ በሕይወት ነበር።

በረንዳው ላይ አልጋ ዘርግተውለት፣ ማራገቢያ ፊቱ ላይ እየነፈሰ፣ ከስቶ፣ ማበጠሪያውን ከደረቱ ኪስ ሰክቶ ተኝቷል። ኢራጅ ሻንጣ ሲያስገባ፣ ሌላ ሲያስገባ፣ ደግሞ ሌላ ሲያስገባ እያየ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ሳቀ።

«እትዬ፣ አርደቢል ምን ቀረ?»

«ሳባላን ብቻ። አልገባ አለኝ።»

«በረዶውስ?»

ሐጅ ኻኑም ጡባ ፔርሙዙን ከብርድ ልብሱ ፈቱ። ከአንደኛው ሻንጣ እንደ ማር የወፈረ የወይን ድብስ ጠርሙስ፣ ከሌላው ማንኪያ አወጡ። በረዶው ግማሹ ቀልጧል፤ የቀረውን በሳህን ገልብጠው ድብሱን አፈሰሱበት። አርደቢል ውስጥ የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ልጆች ሁሉ የሚበሉት ይህን ነው። ቡሼህር ግን በረዶ አታውቅም፤ ዙሌይኻ ጣቷን ነክራ በድንጋጤ መለሰችው። ያዱላህ በማንኪያ ጎርሶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጥርሴን አመመኝ» አለ።

«አመመው!» አሉ ሐጅ ኻኑም ጡባ ወደ ኢራጅ ዞረው፣ ድል እንዳደረገ የጦር አዛዥ። «አመመው፣ ሰማህ?»

ኢራጅ ሰምቷል። ዞር ብሎ ሻንጣ እንደሚያስተካክል ሆነ።

ያዱላህ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። አንድ ማለዳ፣ የእህቱን የሱፍ ካልሲ በዚያ ሙቀት እንዳጠለቀ፣ ለማንም ሳይናገር ሄደ። እንደ ልማዱ ምንም ሳይዝ።

ምንም ሳይዝ መሆኑ የታወቀው ሊያጥቡት ሲወስዱት ነው። ሌላው ሽማግሌ ሁሉ ከፈኑን አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ያዱላህ የት ያውቃል? ዙሌይኻ በሰው ፊት አፍራ ነጠላ ጫማዋን እያየች አለቀሰች። አጣቢው ደግ ሰው ነበር። «አታስቢ እቴ፣ ከፈን እኛ ጋ አለ፤ ለሁሉም ሰው የምናለብሰው ነው» አላት።

«ከእኔ ዘንድ አለ» አሉ ሐጅ ኻኑም ጡባ።

እንደ ወትሮው ጮክ ብለው አልነበረም። ኢራጅ ራሱ እንኳ ለመስማት ጠጋ ማለት አስፈልጎታል። ቡናማውን ሻንጣ ራሳቸው ከፈቱ፤ ማንንም አላስነኩም። ልብሱን ሁሉ አንድ በአንድ እያወጡ መሬት ላይ ደረደሩ። ከታች አረንጓዴውን ጥቅል አወጡት። የሴት ከፈን አምስት ክፍል ነው፤ ለወንድ ሦስቱ ይበቃል። ሦስቱን ለይተው ለአጣቢው ሰጡ።

«ቁመቱ ከእኔ ያጥራል» አሉት። «ይበቃዋል።»

«አክስቴ፣ እርስዎስ?» አለ ኢራጅ።

«እሱ መቼ ይዞ ያውቃል?»

የተረፉትን ሁለቱን፣ የራስ መሸፈኛውንና የደረት ጨርቁን፣ አጣጥፈው በአረንጓዴው ጨርቅ መልሰው ጠቀለሉ። ጥቅሉ ትንሽ ሆኖ ሻንጣው ውስጥ ቦታውን ሳይሞላ ቀረ። ሬሳው ከግቢ ሲወጣም ፔርሙዙ ውስጥ የቀረችውን ውሃ፣ የአርደቢልን የቀለጠ በረዶ፣ ከኋላው ረጩ። መንገደኛ እንዲመለስ የሚደረገውን። ከቆሙት ሰዎች አንድም «ይህ ለሞተ አይደረግም» ያለ የለም።

ሲመለሱ መኪናዋ ቀለለች። ስስ ቀሚሶቹ ለዙሌይኻ ቀሩ። ድብሱ አለቀ። የኋላ መስኮቱ ተከፈተ፤ ኢራጅ ከአርደቢል ከወጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላው ያለውን መንገድ አየ። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ይህንን ነበር፤ በመስተዋት የሚታይ ባዶ ቦታ። አሁን ባየው ቁጥር ዓይኑን ያነሣል። ከሦስቱ የእናት ልጆች የቀሩት አጠገቡ የተቀመጡት ብቻ ናቸው። አልበረዳቸውም። አልሞቃቸውም። ምንም አላስፈለጋቸውም።

ቆም ሲገቡ ግን ቀና አሉ።

«እዚያ ጋ አቁምልኝ፤ ከሱቁ በር ላይ።»

ከዚያራው ግቢ ፊት ለፊት ያለ ከፈን የሚሸጥ ሱቅ ነበር። ነጩ ጨርቅ በመደርደሪያው እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ኢራጅ አቆመ።

«ሦስት ክፍል ጎድሎብኛል» አሉ ሐጅ ኻኑም፣ ቦርሳቸውን እያነሡ። «ጎዶሎ ይዤ ቤቴ ልገባ አልችልም።»

«ሌላ ጊዜ ይገዛል፣ አክስቴ።»

«ቢያስፈልግስ?»

በሩን ከፈቱ። አንድ እግራቸው መሬት ነካ። ኢራጅ መሪውን እንደያዘ ያንን ነጭ ክምር አየ። ከዚያም አስነጠሰ።

አንድ ጊዜ። ማስነጠስም ከተባለ። የአደባባዩ ርግቦች ሳይቀሩ አላመኑትም፤ አንዷም አልተነሣችም።

ሐጅ ኻኑም ጡባ ባሉበት ቆሙ። ቀስ ብለው ዞረው የእህታቸውን ልጅ አዩት። ኢራጅ መስተዋቱን እንደሚያስተካክል ሆነ።

«ትዕግሥት መጣ፣ አክስቴ» አለ።

«ይማርህ» አሉት በመጨረሻ፤ እግራቸውንም ወደ መኪናው መልሰው ተቀመጡ።

ባለ ሱቁ የቆዩ ደንበኛው መሆናቸውን አውቆ ወደ ደጃፉ ወጣ። «ምነው፣ ሐጅ ኻኑም? አይገቡም?»

«አስነጥሶኝ ነው» አለ ኢራጅ። «አንዴ ብቻ።»

ባለ ሱቁ ሕጉን ያውቃል። በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ ሁለተኛውን ማምጣት ምን ይቸግራል? ቁንዶ በርበሬ አሽትት። ሐጅ ኻኑም፣ እርስዎ መቼም ከቦርሳዎ አያጡም፤ ይዘዋል?»

የፋኽሪ በርበሬ ከነወረቀቱ ቦርሳው አፍ ላይ ነበር። ኢራጅ አየው። ሐጅ ኻኑም ጡባም አዩት። ከዚያም ቦርሳውን ዘግተው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ከእኔ ዘንድ የለም» አሉ።